ወንድሜ ምስጢሩን ነገረኝ፤ እኔ ጥቅስ ወረወርኩበት

ታላቅ እህት (ሰኞ፣ ማታ 3፡40)

ሰላም ለዚህ ቤት። አብዛኛውን ጊዜ አንብቤ ነው የምወጣው። ዛሬ ግን ካልጻፍኩ እንቅልፍ አይወስደኝም።

ታናሽ ወንድሜ 24 ዓመቱ ነው። የዛሬ ሦስት ሳምንት እኔ ቤት መጥቶ ሸሚዝ እየተኮሰ ነበር። እኔ ሶፋው ላይ ሆኜ ስልኬን እነካካለሁ። ዓይኑን ከሸሚዙ ሳያነሳ «አንድ ነገር ልንገርሽ፣ ግን እንዳትጮሂ» አለኝ። ከዚያ ነገረኝ። ከልጅነቱ ጀምሮ የሚስቡት ወንዶች እንደሆኑ፣ ሴት ስባው እንደማታውቅ። ለማንም ተናግሮ እንደማያውቅ። ስንት ዓመት እንደጾመበት፣ እንደጸለየበት።

አልጮህኩም። ከመጮህ የባሰ ነው ያደረግኩት። ሳይጨርስ 1ኛ ቆሮንቶስ 6፥9ን ጀመርኩለት። በቃሌ ነው የማውቀው፤ «የእግዚአብሔርን መንግሥት አይወርሱም» እስከሚለው ድረስ ወረድኩት። ቀጠልኩና «እኔ እኮ አንተን እወድሃለሁ፣ ኃጢአቱን ነው የምጠላው» አልኩት። «እሺ» አለ። ካውያውን ነቀለ። አንዱን እጅጌ ሳይተኩስ ሸሚዙን ወንበር ላይ አንጠልጥሎት ወጣ። እስካሁን እዚያው ነው።

ስደውል ያነሳል። «ደህና ነኝ፣ ሥራ በዝቶብኝ ነው» ይላል፤ በቃ።

እምነቴን ለመለወጥ አይደለም የመጣሁት። ጋብቻ የወንድና የሴት ነው ብዬ አምናለሁ። ግን የዚያን ቀን ያደረግኩትን እግዚአብሔር ያደርገዋል ብዬ ማመን አቃተኝ። ኃጢአት የምለውን ኃጢአት እያልኩ ወንድሜን እንዴት ነው የምወደው? ስድብ ይዛችሁ የመጣችሁ እባካችሁ እለፉኝ።

ቀጥ ያለው (ሰኞ፣ ማታ 4፡05)

እህቴ፣ ምን አጠፋሽና ነው ራስሽን የምትወቅሺው? የተጻፈውን ነው የነገርሽው። ዘሌዋውያን 18፥22 አለ። ሮሜ 1፥26-27 አለ። አንቺ የጠቀስሽውም አለ። ብሉይም ሐዲስም አንድ አፍ ነው። አሁን አሁን «ፍቅር፣ ፍቅር» እያልን ሰውን እያባበልን ገደል እየሰደድነው ነው። ሐኪም ያገኘብሽን በሽታ ደብቆ «ኧረ ደህና ነሽ» ቢልሽ ወደደሽ ይባላል? ወንድምሽ የከፋው እውነት ስለቆረቆረው ነው። ይቆርቁረው። ቆይቶ ያመሰግንሻል።

የብራና ትል (ሰኞ፣ ማታ 4፡50)

ቀጥ ያለው፣ በትምህርቱ ካንተ ብዙም አልርቅም። ግን የአንተ ሐኪም በሽተኛው ተናግሮ ሳይጨርስ ነው መድኃኒት የሚያዘው።

ታላቅ እህት፣ ጥቅሱን በቃልሽ ካወቅሽው እስቲ ቀስ ብለሽ ድገሚው። ሴሰኞች፣ ጣዖት የሚያመልኩ፣ አመንዝሮች፣ ቀላጮች፣ ከወንድ ጋር ዝሙት የሚሠሩ፣ ሌቦች፣ ገንዘብን የሚመኙ፣ ሰካሮች፣ ተሳዳቢዎች፣ ነጣቂዎች። አሥር ናቸው። ስለ አምስተኛው የሰማሁት ስብከት ብዛት የለውም። ገንዘብን ስለሚመኙት የሰማሁትን ግን በአንድ እጄ ጣቶች እቆጥረዋለሁ። ስለ ተሳዳቢዎችማ ጭራሽ ትዝ አይለኝም። ከዝርዝሩ ቀጥሎ ቁጥር 11 ይመጣል፦ «ከእናንተም አንዳንዶቹ እንደ እነዚህ ነበራችሁ፤ ነገር ግን» ይልና «ታጥባችኋል» ይላል። ወንድምሽ ጋ ስትደርሺ ቁጥር 9 ላይ ነው የቆምሽው፣ ወይስ አልፈሻል?

ቃላቱን ለሚወዱ ትንሽ ልጨምር። «ቀላጮች» የተባለው በግሪኩ «ማላኮይ» ነው፤ ለስላሶች እንደ ማለት። ማቴዎስ 11፥8 ላይ ጌታ ስለ መጥምቁ ዮሐንስ ሲናገር «ቀጭን ልብስ» የሚለው ያው ቃል ነው። ቀጥሎ ያለው «አርሴኖኮይታይ» ይባላል። «ወንድ» እና «አልጋ» የሚሉ ሁለት ቃላት ተጋጥመው ነው የተሠራው። ከጳውሎስ በፊት በተጻፈ ጽሑፍ ላይ አልተገኘም። ብዙ ሊቃውንት የሰባ ሊቃናት ትርጉም (የብሉይ ኪዳን ጥንታዊ የግሪክ ትርጉም) ዘሌዋውያን 20፥13 ላይ ሁለቱን ቃላት ጎን ለጎን ስላስቀመጣቸው ጳውሎስ ከዚያ ወስዷቸዋል ይላሉ። እኔም አሳማኝ ሆኖ አግኝቼዋለሁ።

ስለ ሰዶምም አንድ ነገር። ቋንቋችን ገና ከስሙ «ግብረ ሰዶም» ብሎ ጨርሶታል። ሕዝቅኤል 16፥49 ግን የሰዶምን ኃጢአት ሲናገር ከትዕቢት፣ ከጥጋብና የድሀውን እጅ ካለማበርታት ነው የሚጀምረው። ቁጥር 50 ላይ «ርኩስ ነገር» ይጨምራል። ይሁዳም በቁጥር 7 ዝሙትን ያነሳል። ስለዚህ ነገሩ ዝሙት አይነካካውም የሚሉትም አይረቱም። ቢሆንም እንግዳ ሊደፍር በሌሊት በር የከበበ ሕዝብና ሸሚዝ እየተኮሰ ልቡን የከፈተ ልጅ በአንድ ስም መጠራታቸው ያመኛል።

አንድ የመጨረሻ ነገር። «ኃጢአቱን ጥላ፣ ኃጢአተኛውን ውደድ» መጽሐፍ ቅዱስ ውስጥ የለም። የጥንቱ የቤተ ክርስቲያን መምህር አውግስጢኖስ በ5ኛው መቶ ዘመን ለሴት መነኮሳት በጻፈው ደብዳቤ ላይ ሰውን በመውደድና ክፋትን በመጥላት ተገሥጹ የሚል ሐሳብ አለው፤ ደብዳቤ 211 ነው። አብረው ለሚኖሩ፣ እርስ በርስ ለሚተዋወቁ፣ አንዷ ስትወድቅ ሌላዋ ለምታነሳት ሴቶች ነው የጻፈው። እኛ ወስደን የስንብት ቃል አደረግነው።

አወያይ (ማክሰኞ፣ ጠዋት 1፡15)

በሌሊት የተጻፉ ሦስት አስተያየቶችን አጥፍቻለሁ። አንደኛው ጸሐፊ «እውነት ስለተናገርኩ ተሰረዝኩ» ብሎ በግል ጽፎልኛል። ወንድሜ፣ የብራና ትል ከዘረዘረው ውስጥ ዘጠነኛውን ተመልከት።

ስም የለሽ 7 (ማክሰኞ፣ ከሰዓት 8፡30)

ይህን አካውንት የከፈትኩት ለዚህ መልስ ብቻ ነው።

38 ዓመቴ ነው። እኔም እንደ ወንድምሽ ነኝ። አማኝ ነኝ፤ የቤተ ክርስቲያኔን ትምህርት ተቀብዬ ብቻዬን እኖራለሁ። ማንም አስገድዶኝ አይደለም።

አስቸኳዩን ላስቀድም። ለማንም እንዳትነግሪ። ለጓደኛ አይሆንም፣ ለዘመድ አይሆንም፣ እሱ ካልፈቀደ ለአገልጋይም አይሆንም። «የጸሎት ርዕስ» ብለሽም እንዳትሞክሪው። እኔ በ23 ዓመቴ ለአንድ አገልጋይ ነገርኩት። በሳምንቱ የጸሎት ቡድናችን «ስሙን ስለማንጠራው አንድ ወንድም» መጸለይ ጀመረ። እኔም መሃላቸው ተንበርክኬያለሁ። ዓይኔን ገለጥ ሳደርግ ሁሉም ዓይናቸውን እንደጨፈኑ ፊታቸው ወደ እኔ ዞሯል። ከዚያ በኋላ አሥር ዓመት ለሰው ትንፍሽ አላልኩም።

ወንድምሽ ምስጢሩን ይዞ አንቺ ጋ ሲመጣ ጥቅሱን ሳያውቀው የመጣ መስሎሻል? እመኚኝ፣ ከአንቺ በላይ ያውቀዋል። ሌሊት ስንት ጊዜ እንዳነበበው እኔ ልንገርሽ። ሊሰማ የመጣው ቃሉን አልነበረም። ቃሉን እያወቀ «አሁንም እህቴ ነሽ ወይ?» ሊልሽ ነው የመጣው።

ቀጥ ያለው፣ ለአንተም አንድ ነገር አለኝ። መሳብ አንድ ነገር ነው፣ መሥራት ሌላ። ዕብራውያን 4፥15 ጌታ ራሱ በነገር ሁሉ እንደተፈተነ፣ ኃጢአት ግን እንዳልነበረበት ይናገራል። ልጁ ምን እንደሠራ አልተናገረም፤ ምን እንደሚሰማው ነው የተናገረው። አንተ ግን ሁለቱን አንድ ላይ ጠቅልለህ ፈረድክበት።

ደግሞ ስለ መስቀል። «መስቀልህን ተሸከም» ይሉኛል፣ እሺ፣ ተሸክሜያለሁ። ግን እሁድ ቅዳሴ አልቆ ሁሉም ልጁን፣ ሚስቱን ይዞ ሲበተን እኔ ቁልፌን ከኪሴ እያወጣሁ ባዶ ቤት ነው የምገባው። ጌታ እንኳ መስቀሉን ሲሸከም የቀሬናው ስምዖን አግዞታል። እኔን አንድ ሰው «ከሰዓት ና፣ ከልጆቹ ጋር ተጫወት» ያለኝ ስድስት ዓመት ከኖርኩ በኋላ ነው። ብቻዬን እንድኖር የምትጠይቁኝ ከሆነ ብቻዬን አትተዉኝ። የምጠይቀው ይኸው ነው።

ቅን አሳቢ (ማክሰኞ፣ ማታ 1፡10)

በእውነት ልብ ይነካል። ግን ለምንድነው ሁሉም ሰው ተስፋ የሚቆርጠው? ነጻ የሚያወጡ አገልግሎቶች አሉ። ጾም ይያዝ፣ ይጸለይለት፤ ይለቀዋል። ታላቅ እህት፣ ይዘሽው ሂጂ።

እናት ነኝ (ማክሰኞ፣ ማታ 2፡45)

ልጄ፣ እኔ ይዤው ሄጃለሁ።

ልጄ 19 ዓመቱ ነበር። እንዲህ ያለ አገልግሎት ነው የወሰድኩት፤ ስሙን አልጠራም። ስምንት ወር ተመላለሰ። በየሳምንቱ «ተሻለህ?» እለዋለሁ፣ «ተሽሎኛል» ይለኛል። ደስ ይለኝ ነበር። ለካ እኔን ለማስደሰት ነው የሚዋሸው። በዘጠነኛው ወር አንድ ማታ የሕመም ማስታገሻ እንክብል ሰብስቦ ዋጠ። እግዚአብሔር ይመስገን፣ ደረስንበት። ሆስፒታል አልጋው ላይ ሆኖ መጀመሪያ ያለኝ «እማዬ፣ አልተሻለኝም፣ ይቅርታ» ነው። ልጄ እኔን ይቅርታ ጠየቀኝ።

ስለ ጸሎት አትጸልዩ አልልም። እኔ ዛሬም እጸልያለሁ። ግን ያኔ የጸለይኩት ልጄን መልስልኝ ብዬ ሳይሆን ልጄን ለውጥልኝ ብዬ ነበር።

የብራና ትል (ማክሰኞ፣ ማታ 3፡20)

እናቴ፣ ስለ ጻፉልን እግዚአብሔር ይስጥልን። ልጅዎን ያኑርልዎ።

ለቅን አሳቢ፦ ይህ ነገር በትልቁ ተሞክሯል። ኤክሶደስ ኢንተርናሽናል የሚባል ድርጅት እ.ኤ.አ. በ1976 አሜሪካ ውስጥ ተመሠረተ። «ለውጥ ይቻላል» የሚሉ አገልግሎቶችን አንድ ያደረገ ነበር። ፕሬዚዳንቱ አለን ቻምበርስ ካገኛቸው ሰዎች አብዛኞቹ ዝንባሌያቸው እንዳልተለወጠ በአደባባይ አመነ። በ2013 ይቅርታ ጠይቆ ድርጅቱ ተዘጋ። ሰውዬው ራሱ አማኝ ነው፤ ጠላት የነዛው ወሬ አይደለም። እግዚአብሔር አይችልም እያልኩ አይደለም። እግዚአብሔር ቃል ያልገባውን ቃል በስሙ እየገባን ልጆች አንግደል ነው የምለው።

ሰባ ጊዜ ሰባት (ረቡዕ፣ ጠዋት 4፡00)

እኔ እዚህ ካላችሁት ሁሉ እለያለሁ፤ ድንጋይ ከማንሳታችሁ በፊት ጨርሱልኝ። እኔ ጳውሎስ ስለ ዛሬው ነገር አልጻፈም ከሚሉት ነኝ። በእሱ ዘመን ይታይ የነበረው ጌቶች በባሮቻቸው፣ ትልልቆች በልጆች ላይ የሚያደርጉት ነበር። ሁለት እኩያ ሰዎች ተማምነው፣ ተማምለው ዕድሜ ልክ መኖርን አስቦ የጻፈ አይመስለኝም። ደግሞ የሐዋርያት ሥራ 15ን እዩ። ያልተገረዙ አሕዛብ እንዴት ይገባሉ ብለው ስንት ተከራከሩ! መንፈስ ቅዱስ ቀድሟቸው ነበር። የስም የለሽ 7 ብቸኝነት የትምህርቱ ፍሬ ከሆነ ትምህርቱን መጠየቅ ያለብን ይመስለኛል።

የብራና ትል (ረቡዕ፣ ጠዋት 5፡30)

ድንጋይ የለኝም፣ ጥያቄ ግን አለኝ። ሮሜ 1፥27 «እርስ በርሳቸው» ይላል። ሁለቱም ፈልገውት እንጂ አንዱ አንዱን ሲበድል አይደለም የሚታየው። ጌታም ማቴዎስ 19 ላይ ስለ ጋብቻ ሲጠየቅ «ወንድና ሴት አደረጋቸው» ወደሚለው ወደ ዘፍጥረት ነው የተመለሰው። እዚህ ላይ ያንተ ወገን የሚሰጠው መልስ አላረካኝም። ግን ሮሜ 1ን ይዤ አንተ ላይ አልቆምም። ያው ምዕራፍ ሐሜተኞችንና ለወላጆቻቸው የማይታዘዙትን ይዘረዝርና 2፥1 ላይ «አንተ የምትፈርድ ሰው ሁሉ ሆይ፥ የምታመካኘው የለህም» ብሎ ወደ አንባቢው ይዞራል። ወጥመድ ነው። ጳውሎስ «እሰይ፣ በላቸው!» እያልክ እንድታነብ አድርጎ መጨረሻ ላይ አንተኑ ይይዝሃል።

አብያተ ክርስቲያናትም በዚህ እንደተከፋፈሉ ናቸው። የተባበሩት ሜቶዲስቶች እ.ኤ.አ. በ1972 ድርጊቱ ከክርስትና ትምህርት ጋር አይስማማም ብለው ጽፈው ነበር፤ በ2024 አነሱት። ከዚያ በፊት በሺህ የሚቆጠሩ አጥቢያዎች ጥለዋቸው ወጥተዋል። ካቶሊኮች በካቴኪዝማቸው (በእምነት ትምህርት መጽሐፋቸው) ድርጊቱን ይኮንናሉ፤ ቁጥር 2358 ላይ ደግሞ ሰዎቹን በአክብሮትና በርኅራኄ ተቀበሉ፣ ያለ አግባብ አታግልሉ ይላሉ። በታኅሣሥ 2023 ቫቲካን ከሥርዓተ ጋብቻ ጋር ሳይምታታ ተመሳሳይ ፆታ ያላቸውን ጥንዶች መባረክ ይቻላል ስትል ዓለም ተንጫጫ። በመጋቢት 2024 የኮፕት ቤተ ክርስቲያን ከካቶሊክ ጋር የነበራትን የነገረ መለኮት ውይይት አቆመች። ይህን የምለው እዚህ ክር ላይ እንደማይቋጭ እንድናውቀው ነው። የታላቅ እህት ጥያቄ ግን ይህ እስኪቋጭ አይጠብቅም።

ቀጥ ያለው (ረቡዕ፣ ማታ 2፡00)

ሁላችሁም እኔን ልብ የሌለው አደረጋችሁኝ። የእናታችንን ጽሑፍ አንብቤ ሥራ መሥራት አቅቶኝ ነው የዋልኩት። ያም ሆኖ አቋሜን አልቀይርም። ጌታ ዮሐንስ 8 ላይ በዝሙት ለተያዘችው ሴት «እኔም አልፈርድብሽም» ብሎ አላቆመም። «ሂጂ ከአሁንም ጀምሮ ደግመሽ ኃጢአት አትሥሪ» አላት። ሁለተኛዋን ግማሽ ለምን ትውጧታላችሁ?

ስም የለሽ 7 (ረቡዕ፣ ማታ 2፡25)

አልዋጥናትም፤ እኔ እየኖርኳት ነው። ግን መቼ እንዳላት እይ። ከሳሾቿ አንድ በአንድ ወጥተው ካለቁ በኋላ ነው፣ እሱና እሷ ብቻ ቀርተው። ድንጋዩ በእጃቸው እያለ አንዲት ቃል አልመከራትም። ጎንበስ ብሎ መሬት ላይ ይጽፍ ነበር።

የብራና ትል (ረቡዕ፣ ማታ 2፡40)

ከርዕስ ልውጣና፣ ያ ታሪክ ብዙ ጥንታውያን ቅጂዎች ላይ የለም። አውግስጢኖስ ምክንያቱን ሲናገር፣ አንዳንድ ሰዎች ሚስቶቻችን ማመንዘር የተፈቀደላቸው ይመስላቸዋል ብለው ፈርተው አውጥተውት ነው ብሏል። ምሕረት እንደሚያስፈራ ያኔም ይታወቅ ነበር። በቃ፣ ተመለስኩ።

ቀጥ ያለው (ረቡዕ፣ ማታ 3፡15)

ስም የለሽ 7፣ አንድ ነገር ልጠይቅህ፤ መልስ ባትሰጠኝም አልቀየምም። እሁድ ከሰዓት «ና» ብልህ ትመጣለህ? በትምህርት አንጣላም፤ አንድ ነን። ሦስት ልጆች አሉኝ፣ ጫጫታ ትችላለህ? በውስጥ መስመር ጻፍልኝ።

ስም የለሽ 7 (ረቡዕ፣ ማታ 3፡50)

ጽፌልሃለሁ።

እናት ነኝ (ሐሙስ፣ ጠዋት 1፡30)

ታላቅ እህት፣ አንቺ ደግሞ የት ጠፋሽ? ልጁን አግኝተሽዋል? ስትጽፊለት ብዙ አታብዢ። እኔ ለልጄ አራት ገጽ ደብዳቤ ጽፌለት አንብቦ አልጨረሰውም። የመለሰልኝ «ብርድ ልብስህን አጥቤልሃለሁ» ያልኩት ጊዜ ነው።

ታላቅ እህት (እሁድ፣ ማታ 4፡20)

ይቅርታ፣ ሁሉንም አንብቤያለሁ። ሁለት ጊዜ። መልስ ያልሰጠሁት መጀመሪያ እሱን ላግኘው ብዬ ነው።

እማማ እንዳሉኝ አሳጠርኩት። «ሸሚዝህ እዚሁ ነው። ያን ቀን ሳትጨርስ አቋረጥኩህ። ይቅር በለኝ» ብዬ ላክሁለት። ሁለት ቀን ዝም አለኝ። ትናንት በሩን አንኳኳ። ቁልፍ እያለው አንኳኳ፤ እሷ ነች ሆዴን የበላችው።

አልተቀመጠም። ሸሚዙን አንስቶ ካውያውን ሰካ። «አሁንም ኃጢአት ነው ትያለሽ?» አለኝ። ልዋሸው ፈልጌ ነበር፣ እውነቴን ነው። «ድርጊቱን አዎ፣ እንደዚያ ነው የማምነው። ግን ያን ቀን አንተ ላይ ያደረግኩትም ኃጢአት ነው። እሱን ደግሞ በዓይኔ አይቼዋለሁ» አልኩት። ዝም አለ። «እንደምታምኚው አውቃለሁ፤ ገና ሳልነግርሽም አውቀው ነበር» አለ። ቀጥሎ «ያኔ ግማሹን እኮ ነው የነገርኩሽ» አለኝ።

«ቀሪውን ንገረኝ» አልኩት።

ያወራነውን እዚህ አልጽፈውም፤ ስም የለሽ 7 ይገባዋል። ከሦስት ሰዓት በላይ ነው የቆየነው። እግዚአብሔር ይወደኛል ብሎ ያምን እንደሆነ ጠየቅኩት። «አንዳንድ ቀን» አለ። ብዙውን ሰዓት አንድም ጥቅስ አልወጣኝም። ለአፌ ይህ ቀላል አይደለም። ካውያውን ግን እንደተሰካ ረስተነው ነበር፤ ሽታው ነው ያነቃን።

ቀጥ ያለው (እሁድ፣ ማታ 4፡35)

ሸሚዙ ተረፈ?

ታላቅ እህት (እሁድ፣ ማታ 4፡41)

እጅጌው ላይ ቡናማ ምልክት ቀርቶበታል። ጠቅልሎ ለበሰውና ሄደ።